የወርቅ ሠሪው ሽጉጥ

ባሌና አባቴ ይዋደዳሉ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው አብረው ተቀምጠው ያየ ሰው የሚካሰሱ ስለሚመስለው ነው። ባሌ ኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት ይሠራል፤ ሥራው አደጋን በቁጥር መመዘን ነው። የትኛው ቤት ሊቃጠል ይችላል፣ የትኛው መኪና ሊጋጭ ይችላል፣ በዓመት ስንት ሰው ከደረጃ ይወድቃል፣ እሱን ጠይቁት። አባቴ ዕድሜ ልኩን ወርቅ ሠሪ ነበር፤ ዓይኑ ሲደክም ሱቁን ዘግቶ ቤት ገባ። ለባሌ “ፐርሰንት” የሚል ስም ያወጣለት ገና የተዋወቁ ቀን ነው። ባሌም አልከፋው፤ ዛሬ እናቴ ሳትቀር “ፐርሰንት በልቷል?” እያለች ነው የምትጠይቀኝ።

እኔ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነኝ። ቀኑን ሙሉ ከጀርባዬ ሰው ሲጨቃጨቅ ስለምውል የሁለቱ ክርክር አይሞቀኝም አይበርደኝም። ያን ቅዳሜ ግን ሞቀኝ። ልጄ ድንቡሼ ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። ያለ ደመወዝ የወሰድኩት ፈቃድ አልቆ ሰኞ ወደ አውቶቡሴ ልመለስ ነው፣ እሷ ደግሞ ከእናቴና ከአባቴ ጋር ልትውል ተስማምተን ጨርሰናል። እናቴ በድሮ ክፍሌ ውስጥ ልጅቷ መሬት ላይ የምትተኛበት ትንሽ ፍራሽ አዘጋጅታለች፤ አባቴ ሐብል በሚገጥምበት እጁ ትንሽ የእንጨት ወንበር ሠርቶ ቀለም ቀብቷል፤ ቀለሙን ደግሞ አልወደደውምና ፍቆ እንደገና ቀብቶታል። ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ባሌ የአባቴ ሽጉጥ ትዝ አለው።

“ሽጉጡ እያለ ልጄ እዚያ ቤት አትውልም” አለኝ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። ባሌ ድምፁን ከፍ ካላደረገ ነገሩ አበቃ ማለት ነው።

“ሰኞ ሥራ እገባለሁ እኮ።”

“አውቃለሁ።”

“እንግዲያው ለአባዬ አንተ ንገረው፤ እኔ የለሁበትም” አልኩት። ልቤ ግን አብሮት ነበር፤ ያናደደኝም እሱ ነው። ለመጨረሻው ቀን ማቆየቱን እንጂ ነገሩን አልጠላሁትም።

የአባቴን ቤት ለማወቅ ሙያውን ማወቅ ያስፈልጋል። የሰው ወርቅ ቤቱ የሚያሳድር ሰው እንቅልፍ የለውም። ሽጉጡንም ፈቃድ አውጥቶ የገዛው በዚያ ዘመን ነው፤ እግዜር ይስጠው፣ አንድ ቀንም ተኩሶበት አያውቅም። ከሽጉጡ ይልቅ የሚተማመነው በራሱ ሕግ ነበር። “ወርቅና ፈርጥ አብረው አያድሩም” ይላል። ቀለበቱ አንድ ቦታ ከሆነ ድንጋዩ ሌላ ቦታ ነው፤ ሌባ አንዱን ቢያገኝ ሌላው ይተርፋል። መደበቂያውንም በየጊዜው ይለዋውጣል። ለማንም ደግሞ አይናገርም። ያደግኩት ሬዲዮ ውስጥ የአንገት ሐብል በሚያድርበት ቤት ነው። አንድ ጊዜ የሙሽራ ቀለበት የት እንዳኖረ ጠፍቶት፣ ሙሽራው ሱቁ ደጃፍ ላይ ላብ በላብ ሆኖ ሲጠብቅ፣ እናቴ ከክረምት ጫማዋ ጫፍ ውስጥ አወጣችው። “ባክህ ለኔ እንኳ ንገረኝ” ብትለው “ካላወቅሽ አትጨነቂም” አላት። እሷም ከመቀየም ይልቅ መማር መረጠች፤ ከዚያ ወዲህ የራሷንም ነገር በዚያው ሕግ መደበቅ ጀመረች። ቤታችን ሁለት ደባቂ ኖሮት አንድ ፈላጊ የሌለው ቤት ሆነ።

ቅዳሜ ለምሳ ሄድን። ድንቡሼ መንገድ ላይ እንቅልፍ ይዟት አንገቷ ተንጠልጥሎ ስለነበር በቀጥታ ወስጄ አዲሱ ፍራሽ ላይ አስተኛኋት። እግረ መንገዴን ከቁም ሣጥኑ አናት ላይ የልጅነት ሻንጣዬን አወረድኩ፤ አሻንጉሊቴን ላወጣላት ፈልጌ ነው። ልከፍተው ስል እናቴ “ምሳው ቀዘቀዘ” ብላ ተጣራች፤ ሻንጣውን ከፍራሹ አጠገብ መሬት ላይ ትቼ ወጣሁ።

ባሌ ሾርባውን እንኳ አልጨረሰም።

“አባባ፣ አንድ ነገር ልናገር ነው፤ እንዳይቀየሙኝ።”

“እስከ ዛሬ ካልተቀየምኩህ ከእንግዲህማ አልቀየምህም።”

“ድንቡሼ እዚህ የምትውል ከሆነ ሽጉጡ ከዚህ ቤት መውጣት አለበት።”

አባቴ የጎረሰውን በደንብ አላምጦ ዋጠ። “ለምን?”

“መሣሪያ ያለበት ቤት የሚኖር ሰው፣ ከሌለበት ቤት ሰው ይልቅ በመሣሪያ የመጎዳቱ ዕድል ይበልጣል። በብዙ ቦታ ተጠንቷል። የሚጎዳውም አብዛኛውን ጊዜ ሌባው አይደለም፤ የቤቱ ሰው ነው። ወይ ልጅ ያገኘዋል፣ ወይ ባልና ሚስት ሲጣሉ ይመዘዛል፣ ወይ ደግሞ የከፋው ሰው በራሱ ላይ...”

“ምግብ ላይ ነን” አለች እናቴ።

“ይቅርታ፣ እማማ።”

አባቴ አፉን በናፕኪን ጠረገ። ይህ የሱ ጎራዴ መምዘዝ ነው። “እነዚህ አጥኚዎች ዝናብ አይተው ያውቃሉ? ዝናብ በሚበዛበት ሰፈር ጃንጥላ የያዘ ሰው ይበዛል፤ የረጠበም ሰው ይበዛል። ታዲያ ሰውን ያረጠበው ጃንጥላው ነው? ሽጉጥ የሚገዛው የፈራ ሰው ነው። የፈራው የሚያስፈራ ነገር ስላለበት ነው። አደጋው ቀድሞ ነበር፤ ሽጉጡ ኋላ ነው የመጣው።”

ባሌን አየሁት። ሌላ ሰው ቢሆን ፊቱን ያጠቁር ነበር፤ የኔ ባል ግን ጥሩ ጥያቄ ሲጠየቅ ልደቱ የተከበረለት ይመስለዋል። ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋ።

“ትክክለኛ ጥያቄ ነው። አጥኚዎቹም ይህንኑ ጠይቀዋል። ስለዚህ በአንድ ሰፈር የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸውና ኑሯቸው የሚቀራረብ ሰዎችን እያነጻጸሩ ያዩ አሉ። ልዩነቱ ጠበበ እንጂ አልጠፋም።”

“ጠበበ አልክ?”

“አዎ፣ ጠበበ።”

“ሰምታችኋል” አለ አባቴ ወደ እኔና ወደ እናቴ ዞሮ። ከዚያ እንደገና ወደ እሱ፣ “ሌላ ልጠይቅህ። ‘እዚያ ቤት መሣሪያ አለ’ ብሎ ሳይመጣ የቀረ ሌባ ስንት ነው? ማን ቆጠረው?”

“እሱን መቁጠር ከባድ ነው። የሞከሩ አሉ፤ የሚያገኙት ቁጥር ግን እንደ ጠያቂው ይለያያል። እዚህ ላይ አልዋሽዎትም።”

“አየህ።”

“ግን አባባ፣ አሁን ሌባ ቢመጣ ምን ሊወስድ ነው?”

እናቴ ሳቋ አመለጣት። “እኔስ የምለው ይህንኑ አይደል! ወርቁ ሄዶ ዘበኛው ቀረ።”

አባቴ ፈገግ አለ፤ ግን አልለቀቀም። እውነቱን ለመናገር ክርክሩ ይጥማል፤ ሁለቱም አይጮሁም፣ ሁለቱም ይሰማሉ፣ አውቶቡሴ ውስጥ እንዲህ የሚከራከር ተሳፋሪ ቢገባ ሂሳብ አላስከፍለውም። የኔ ችግር ሰኞ ነው። ሞግዚት ፈልጌ አላገኘሁም፤ መሥሪያ ቤቱ ከዚህ በኋላ ፈቃድ አልጨምርም ብሏል። እነሱ ስለ ሰፈርና ስለ ዝናብ ሲያወሩ እኔ የማስበው “ድንቡሼ ሰኞ የት ትውላለች?” የሚለውን ነው።

“እንጨርሰው” አልኩ። “አባዬ፣ ሽጉጡን ታወጣለህ አታወጣም?”

“ልጄ፣ የሚለው ሁሉ ስለ አማካይ ቤት ነው። እኔ አማካይ ቤት ውስጥ የሚኖር ሰው አይቼ አላውቅም። በኔ ቤት ብረቱ አንድ ክፍል፣ ጥይቱ ሌላ ክፍል ነው። እሳትና ጭድ አላገናኝም። እንዲህ አድርጎ የሚያስቀምጠውን ሰው ለብቻው ቆጥረውታል ወይ?”

“ቆጥረውታል” አለ ባሌ። “ለይቶ የሚያስቀምጥ ሰው ቤት አደጋው ይቀንሳል። በዚህ ልክ ነዎት። ግን እኔ ዘንድ ለመዋዋል መጥቶ ‘እኔ ቤት አይደርስም’ ያላለ ደንበኛ አላጋጠመኝም። የሁሉም ቤት ልዩ ነው። የተቃጠለውም፣ ያልተቃጠለውም።”

“ምነው በቤታችን ባታሟርት” አለች እናቴ።

“ማሟረቴ አይደለም እማማ። ከታመሙ ወዲያ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ ይባል የለ።” ወደ አባቴ ዞረ። “አንድ ነገር ብቻ ይመልሱልኝ። የት እንዳለ ስንት ሰው ያውቃል?”

“እኔ ብቻ።”

እናቴ ተነስታ ሳህን መሰብሰብ ጀመረች። ገና በልተን አልጨረስንም። የኔንም ሳህን ከነምግቡ አነሳችው።

“ና ላሳይህ” አለ አባቴ። “በዓይንህ እይና ከዚያ ፍረድ።” ኩራት በተሞላ አረማመድ ወደ መኝታ ቤቱ ገባ፤ ባሌ ተከተለው። መሳቢያ ሲሳብ ሰማሁ፤ ከዚያ ሌላ መሳቢያ። ከዚያ እንደገና የመጀመሪያው። አባቴ ሲመለስ የነበረውን ፊት ከዚያ በፊት አይቼበት አላውቅም።

“የለም” አለ።

እናቴ ሳህኖቹን እንደታቀፈች ቆማለች። “እኔ ነኝ ያነሳሁት።”

“አንቺ?”

“ልጅቷ ልትመጣ ነው ሲባል እንቅልፍ አጣሁ። ፐርሰንት ባለፈው ‘ልጅ መጀመሪያ የሚከፍተው መሳቢያ ነው’ ሲል ሰማሁት። አንተን ብነግርህ ቦታ ትለውጣለህ፣ እኔም የት እንዳለ አላውቅም። ጥይቱ ሌላ ቦታ ነው ትል የለ፣ ባዶ ብረት ነው ብዬ ማንም የማይነካው ቦታ ወሰድኩት።”

“የት?”

“የልጃችን የድሮ ሻንጣ ውስጥ። ቁም ሣጥኑ ላይ ያለው። ካገባች ወዲህ ማን ነካው?”

አባቴ በቁሙ ቀረ። “ጥይቱም እዚያ ነው” አለ። “እኔም ማንም የማይነካው ቦታ ብዬ...”

ከወንበሬ ተነሳሁ። እነሱ እርስ በርስ ይተያያሉ፤ እኔ ግን አንድ የማያውቁት ነገር አውቃለሁ።

“ሻንጣው ቁም ሣጥኑ ላይ የለም። አውርጄዋለሁ። ድንቡሼ አጠገብ ነው ያለው።”

ማን ቀድሞ እንደሮጠ አላውቅም። የባሌ ወንበር ሲወድቅ ሰማሁ፤ ከእናቴ እጅ አንድ ሳህን አመለጠ። ድንቡሼ ነቅታለች። በአንድ ወገን የተጨፈለቀ ጸጉሯን ይዛ ፍራሹ ላይ ተቀምጣ፣ ሻንጣውን ፊት ለፊቷ አድርጋ፣ ምላሷን ወደ ጥግ አውጥታ ትታገላለች። አንደኛው መቆለፊያ ተከፍቷል። ሁለተኛው ዝጎ እምቢ ብሏት በሁለት እጇ ይዛዋለች። ክዳኑ በአንድ በኩል ተነስቶ የድሮ ዩኒፎርሜ እጅጌ ወጥቷል። ስታየን አልደነገጠችም፤ ረዳት የመጣላት ነው የመሰላት። አባቴን መርጣ ቀና ብላ አየችው።

“አባባ፣ ክፈት” አለችው።

አባቴ በጉልበቱ ወረደ። አልከፈተም። እጁን ክዳኑ ላይ ጭኖ ተጫነው፤ እሷ ደግሞ ከሥር ልታነሳው ትገፋለች፤ የሚጫወት መስሏት ሳቀች። ባሌ አንስቶ ታቀፋት። እኔ ሻንጣውን ኮሪደሩ ላይ አውጥቼ ከፈትኩት። በቀኝ በኩል ሽጉጡ በእናቴ የክረምት ስካርፍ ተጠቅልሏል። በግራ በኩል ጥይቱ በኔ የልጅነት ካልሲ ውስጥ ታስሯል። በመካከላቸው አሻንጉሊቴ ነበረች። ሌላ የሚለያያቸው ነገር አልነበረም።

“ሁለቱን ማገጣጠም እኮ አትችልም” አለች እናቴ፣ አባቴን ለማጽናናት። “የሁለት ዓመት ልጅ ምን ታውቃለች?”

“ዛሬ አትችልም” አለ አባቴ ከመሬት ሳይነሳ። “እኔ በአምስት ዓመቴ የሐብል ቀለበት እገጥም ነበር።”

አሁን ባሌ ቁጥሩን ይጠራል ብዬ ጠበቅሁ። አንድ ቁጥር፣ አንድ “አላልኩም?” ከአፉ ቢወጣ ይቅር አልለውም ነበር፤ ልክ ስለሆነ ደግሞ ይብሱን። እሱ ግን ለድንቡሼ ጫማ ሊያደርግላት ይሞክራል፤ የግራውን በቀኝ እግሯ ላይ ያስገባል። ቆይቶ ቀና አለና “አባባ፣ ውሃ ላምጣልዎት?” አለ። ያን ጊዜ ምን ያህል እንደወደድኩት ለራሱም አልነገርኩትም።

አባቴ ውሃውን ጠጣ። ከዚያ ብርጭቆውን እያየ፣ “ስንተኛው ቤት ነን?” አለ።

“የቱ፣ አባባ?”

“ከነዚያ ከተቆጠሩት ቤቶች።”

ባሌ ቀልድ ሊያስመስለው አልፈለገም። “እኛ ገና አልተቆጠርንም” አለ።

“እንግዲያው ሳንቆጠር እንውጣ።” አባቴ ግድግዳውን ተደግፎ ተነሳ። ወደ እኔ ዞሮ እንዲህ አለኝ፦ “ይህ ነገር ከዚህ ቤት ሳይወጣ ልጅቷን እንዳታመጫት። ሰኞም ብትሆን፣ የፈለገው ቀን ቢሆን። እኔ ራሴ ብለምንሽ እንኳ።”

ያን ወንበር ሁለት ጊዜ የቀባ ሰው ነው ይህን የሚለው። አንጀቴን በላው።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄዱ። የሚቀጥለውን ባሌ ነው የነገረኝ። ሽጉጡን እሱ በአንድ ቦርሳ ያዘ፣ ጥይቱን አባቴ በሌላ ቦርሳ። አባቴ ጎን ለጎን መሄድ ሲጀምር ባሌ ከለከለው፤ አንዱ በዚህኛው፣ አንዱ በወዲያኛው የእግረኛ መንገድ እንዲሄዱ አደረገ። ሰፈርተኛው አማትና አማች ተኳርፈው መንገድ የተካፈሉ መስሎት ሊያስታርቃቸው ምንም አልቀረው፤ ዳቦ ሻጯ ከሱቋ ወጥታ “ምነው፣ በሰላም?” ብላ ለሁለቱም በየተራ ጮኸችላቸው።

ጣቢያው ውስጥ ተረኛው ፖሊስ ሽጉጡን አገላብጦ አየው። ያረጀ መሣሪያ ነው፤ ግን ወርቅ ሠሪ የያዘው ዕቃ ስለሆነ ያብረቀርቃል።

“ለምንድን ነው የሚመልሱት፣ አባቴ? አይሠራም?”

“ይሠራል” አለው አባቴ። “የምመልሰው ስለሚሠራ ነው።”

ተመልሰው ሲመጡ ጎን ለጎን ነበሩ። አባቴ ቀሎታል፤ ገና በር ላይ ሆኖ እናቴን “በይ አሁን ሌላ ምን ደብቀሻል? ንገሪኝ” አላት። “አንተ ቅድም” አለችው። የዚያን ዕለት ከመጽሐፍ መደርደሪያው ጀርባ አንድ የጆሮ ጌጥ፣ ከግድግዳ ሰዓቱ ውስጥ የቤቱ መጠባበቂያ ቁልፍ፣ ከአሮጌ መጋረጃ ጠርዝ ውስጥ ደግሞ ማንም የኔ ነው ያላለው ቁልፍ ወጣ። እንዲያ ስንስቅ ድንቡሼ ምኑም ሳይገባት አብራን ሳቀች።

ሰኞ የኔ ፈረቃ ገና ሳይነጋ ነው የሚጀምረው፤ ስለዚህ ልጅቷን የሚያደርሳት ባሌ ነበር። መሪውን ስይዝ እጄ አልረሳውም፤ ልቤ ግን ሌላ ቦታ ነው። ባሌን አውቀዋለሁ። አዲስ ሆቴል ክፍል ስንገባ እንኳ መስኮቱን ሳይፈትሽ አይቀመጥም። እዚያ ቤት ገብቶ አንድ ነገር ቢያይና ሐሳቡን ቢለውጥ፣ ድንቡሼን አቅፎ ተመልሶ ቢወጣ፣ አባዬ ከዚያ በኋላ ቀና ብሎ አያየንም እያልኩ ነው የምነዳው። መጨረሻ ፌርማታ ደርሼ ሰው እንደወረደ ስልኬን አወጣሁ።

“ተውካት?”

“ተውኳት።”

“ቤቱን ፈተሽከው?”

“አልፈተሽኩም።”

“አንተ? ምነው?”

ባሌ ሳቀ፤ ከቅዳሜ ወዲህ እንዲህ ሲስቅ አልሰማሁትም ነበር። “ስገባ በሩ ክፍት ነው፤ አባባ የሉም። ብጣራ ከጠረጴዛው ሥር መለሱልኝ። እማማም ሶፋው ሥር ናቸው። ሁለቱም በሆዳቸው ተኝተው በድንቡሼ ቁመት ልክ ቤቱን ያያሉ። ‘ግባ’ እንኳ አላሉኝም።”

“ታዲያ ምን አሉህ?”

“‘ና፣ አንተም ውረድና እይልን፤ የኛ ዓይን አይበቃም’ አሉኝ።”